የመጨረሻ ዘመኗን ብቻ ያወቀ ሰው የመሰናበቻ ቀኗን ሊወስን ይችላል?

ይህ ስለ አንዲት አሮጊት ድመት በኢንተርኔት መድረክ ላይ ስለተካሄደ አንድ ክር፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ተከፍቶ ምላሾች ስለተከታተሉበት ውይይት፣ ነው። የመክፈቻው ጽሑፍ ረጅም ነው፤ ጥያቄው ግን ሁለት ብቻ ነው። ጸሐፊዋ በዕድሜ የገፋች ድመት ከእንስሳት መጠለያ ወስደው በቤታቸው ያኖሩ ሴት ናቸው። ሲወስዷት ዕድሜዋን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሐኪሙ የጥርሷን መበላትና የዓይኗን መደብዘዝ ተመልክቶ ዐሥር ዓመት ሳያልፋት አይቀርም ብሎ ገመተ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። አሁን የኩላሊቷ ሕመም ከአራቱ ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ ደርሷል፤ ክብደቷ ቀንሷል፤ ውኃ ደጋግማ ትጠጣለች፤ ከቆዳዋ ሥር የሚሰጣት ፈሳሽ ለጥቂት ቀናት ያነቃትና ተመልሳ ትዝላለች። ጸሐፊዋ በመጀመሪያ የጠየቁት የመሰናበቻው ጊዜ፣ ማለትም ከሥቃይዋ እንድታርፍ በሐኪም መርፌ እንድትሞት የሚደረግበት ጊዜ፣ መድረሱ በምን እንደሚታወቅ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ በጽሑፉ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል የተደረገ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ዋናው እርሱ ነው። የድመቷን ልጅነት ያላየ፣ ማን እንዳሳደጋትና ለምን እንደተተወች የማያውቅ ሰው የሞቷን ቀን የመቁረጥ መብት ከወዴት ያገኛል የሚል ነው።

1ኛውና 2ኛው ምላሾች ትሕትና የተሞላባቸው ናቸው። 1ኛው ጸሐፊዋን አጽናንቶ ሐኪም እንዲያማክሩ ከመምከር አላለፈም፤ ሐኪም ሲያማክሩ መቆየታቸውን ግን እርሳቸው አስቀድመው ተናግረው ነበር። 2ኛው ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ድመቷ ራሷ በዓይኗ እንደምትነግራቸው አረጋገጠላቸው። ይህ አባባል እንዲህ ካለ ውይይት የማይጠፋ ነው፤ ሸክሙን ከሰው ትከሻ አንሥቶ በታመመችው እንስሳ ላይ የሚጭን ስለሚመስለኝ እኔ አልወደውም።

3ኛውም የተነሣው በዚሁ ላይ ነው። ድመት አዳኝም ታዳኝም ሆና የኖረች ፍጥረት በመሆኗ ሕመሟን መደበቅ ተፈጥሮዋ እንደሆነ፣ ስለዚህም ትናገራለች ብሎ መጠበቅ ብዙ ሥቃይ ሳይታይ እንዲያልፍ እንደሚያደርግ አስረዳ። ይህንም ብሎ አልተወም፤ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡትን የድመት ፊት መመዘኛ አብራርቶ ጻፈ። መመዘኛው የጆሮን አቀማመጥ፣ የዓይንን መጥበብ፣ የአፍና የአፍንጫ አካባቢን መወጠር፣ የጢምን አቅጣጫና የራስን ከፍታ ያያል። ደኅና የሆነች ድመት ጆሮዎቿን ወደ ፊት አቅንታ ታቆማለች፤ የሚያማት ድመት ጆሮዎች ግን ወደ ጎን ዞረው ይተኛሉ፣ ጢሟ የለመደውን ጉብጠት ትቶ ቀጥ ይላል፣ ራሷ ከትከሻዋ መስመር በታች ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ምልክት ከ0 እስከ 2 ይሰጣል፤ ከ10 ነጥብ 4ና ከዚያ በላይ ያገኘች ድመት የሕመም ማስታገሻ ያስፈልጋታል ተብሎ ይታሰባል።

4ኛው ምላሽ 3ኛውን አመስግኖ አረመው። ያ መመዘኛ የተፈተነው እንደ ቀዶ ሕክምና ባለ ድንገተኛ ሕመም ላይ እንደሆነና ኩላሊቷ የደከመ ድመትን ደግሞ ከሕመም ይልቅ ማቅለሽለሽ፣ የሰውነት መድረቅና ድካም እንደሚያሠቃያት አሳሰበ። በምትኩም የእንስሳት የካንሰር ሐኪም የሆኑት አሊስ ቪላሎቦስ እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡትን የኑሮ ጥራት መለኪያ አመለከተ። በዚህ መለኪያ ሰባት ነገሮች እያንዳንዳቸው ከ10 ይመዘናሉ፤ እነርሱም ከሕመም ነጻ መሆን፣ የምግብ ፍላጎት፣ የሰውነት ፈሳሽ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስ መቻልና ከክፉ ቀናት ይልቅ የደኅና ቀናት መብዛት ናቸው። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ እንስሳውን እየተንከባከቡ ማቆየት ተገቢ ነው ይባላል።

ውይይቱ ትሕትናውን ያጣው በ5ኛው ላይ ነው። የአንዲት ነፍስ ዕጣ እንደ ተማሪ ፈተና በነጥብ ይቆረጣል ወይ፣ 34 ያገኘችው ትሙት 36 ያገኘችው ትኑር ልንል ነው ወይ ብሎ በቁጣ ጠየቀ። 6ኛው የመለሰው በእርጋታ ነው፤ ለእኔም ከክሩ ሁሉ ጠቃሚ ከሆኑት ምላሾች አንዱ ይህ ነው። ነጥቡ የሚሰጠው ለመፍረድ ሳይሆን ለመመዝገብ እንደሆነ፣ በየቀኑ አብሮን የሚኖር ፍጡር ቀስ በቀስ ሲደክም ዓይናችን ከድካሙ ጋር እየተላመደ እንደሚሄድ፣ ከወር በፊት ያሳዘነን ነገር ዛሬ እንደ ደኅና ቀን ሊቆጠር እንደሚችል ገለጸ። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን የሚጻፍ ማስታወሻ ይህን ልማድ ይሰብራል፤ ከተቻለም በቤቱ ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ለየብቻ ቢጽፉ ይሻላል ብሎ ጨመረ። 5ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

7ኛው ስለ ውሻ ነው። ተሳታፊው ያረጀ ውሻ በማደጎ ወስዶ ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ ውሻው የሚቀበለው የት ላይ እንደሆነ ልብ ብሎ ያይ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በሩ ገና ሳይከፈት መዝጊያውን በአፍንጫው ይገፋ ነበር፤ ኋላ መተላለፊያው መሐል ደርሶ መቆም ጀመረ፤ ከዚያም ከምንጣፉ ሳይነሣ ጅራቱን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መምታት ብቻ ቀረው። ጅራቱም ጸጥ ያለ ዕለት ሐኪሙ ዘንድ መደወሉን ጻፈ። 8ኛው በዚህ ላይ ቀልድ ቢጤ ጨምሮ፣ የእርሱ ድመት በጤናዋም ዘመን ማንንም ተቀብላ ስለማታውቅ በዚህ መለኪያ ቢሄድ ኖሮ ገና ድሮ በተሰናበታት ነበር አለ። ነገሩ ቀልድ ይሁን እንጂ ቁም ነገር አለው፤ መለካት ያለበት እንስሳው ራሱ ያደርገው የነበረው ነገር ነው።

9ኛው ጸሐፊ ለጥያቄ አቅራቢዋ እስከዚያ ድረስ ሁሉም የተጠቀመበትን የአክብሮት አጠራር ትቶ በአንቺታ ጻፈ። ነፍስን የሰጠ ፈጣሪ ራሱ ይውሰዳት፣ ሰው በመርፌ ቢያሳርፋት ለራሱ ዕረፍት እንጂ ለእርሷ አስቦ አይደለም፣ ከራስ በላይ ነፋስ ነውና የምትገላገይው አንቺ ነሽ የሚል ይዘት ያለው ነው። አሳቡን ብዙ ሰው ከልቡ ስለሚያምንበት ልናቃልለው አይገባም፤ አቀራረቡ ግን ሐዘን ላይ ላለ ሰው የሚገባ አልነበረም።

10ኛው በእንስሳት ሕክምና ሙያ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። በእምነት ጉዳይ ከ9ኛው ጋር እንደማይከራከሩ ገልጸው፣ በተፈጥሮ መሞት ሲባል በኩላሊት ሕመም ረገድ ምን ማለት እንደሆነ ግን ሳይሸፋፍኑ አስረዱ። ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ክሬያቲኒን የተባለ ቆሻሻ በደም ምርመራ ላይ ከፍ ብሎ በሚታይበት ጊዜ ከኩላሊቷ የሥራ አቅም ሦስት አራተኛው ያህል ጠፍቷል። በመጨረሻው ደረጃ መወገድ የነበረበት ቆሻሻ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ድመቷ ያቅለሸልሻታል፤ ምላሷና ድዷ ይቆስላል፤ ከአፏ የሽንት ዓይነት ጠረን ይወጣል፤ ምግቡን ፈልጋ ትቀርብና አሽትታ ትመለሳለች፤ አንዳንዷም መንቀጥቀጥ ይይዛታል። ይህ በአንድ ሌሊት ላያልቅና ቀናት ሊወስድ ይችላል። 11ኛው ምላሽ ይህ ሰውን ማስፈራራት እንደሆነ፣ የእርሱ ድመት በእንቅልፏ እንደሞተች በመግለጽ ወቀሳቸው። በ12ኛው ላይ ሐኪሙ ተመልሰው እንዲህ ያለ ሞት መኖሩን አመኑ፤ ነገር ግን ማንም መርጦ የሚያገኘው እንዳልሆነ፣ ተስፋ ተደርጎበት ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ዋጋው የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ የሕክምና ቤቱ በር በተዘጋበት ሌሊት እንደሆነ ተናገሩ። ሳይፎክሩም ሳያፍሩም የጻፉት ይህ ምላሽ 11ኛውንም ያለሰለሰው ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ሲመለስ አነጋገሩ ሌላ ነበር።

በ13ኛው ላይ ውይይቱ አቅጣጫውን ቀየረ፤ ከመሰናበት በፊት ሊድን የሚችለው ነገር ይታይ የሚል ነው። ይህን ምላሽ የጻፉት ሴት የራሳቸው አሮጊት ድመት አንገቷ ወደ ታች ተደፍቶ አገጯ ደረቷን ሊነካ ሲደርስ ያለቀላት መስሏቸው ቀጠሮ ይዘው ነበር። ደሟ ሲመረመር የፖታሲየም ማነስ ሆኖ ተገኘ፤ ኩላሊቷ በደከመ ድመት ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው። ፖታሲየሙ ሲተካላት በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሷን ቀና አደረገች፤ ከዚያም ከዓመት በላይ ኖረች። እኚሁ ሴት የደም ግፊት ከፍ ሲል ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን (ሬቲና) ተላቆ ድመት በድንገት ልትታወር እንደምትችል፣ ወደ ላይ መዝለል መተዋም የመሞቻዋ ምልክት ሳይሆን የመገጣጠሚያ ሕመም ሊሆን እንደሚችል አስታወሱ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸውን 100 ድመቶች የራጅ ምስል አይቶ በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ መበላሸት ማግኘቱንም ጠቅሰዋል። ጥያቄ አቅራቢዋ የድመታቸው ግፊት መቼ እንደተለካ አለመናገራቸውን ያስተዋሉት እኚህ ሴት ብቻ ናቸው።

የመገጣጠሚያ ሕመም መነሣቱ ግን አደገኛ ምክር ጠራ። 14ኛው ለሰው የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ከፍሎ መስጠት እንደሚቻል ጻፈ። 15ኛው ወዲያው ተነሣበት፤ የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን የሚያከሽፍበት መንገድ ደካማ በመሆኑ ቀይ የደም ሕዋሶቿ ኦክስጅን መሸከም እንደሚያቅታቸው፣ አንዲት ክኒን ብቻ ልትገድላት እንደምትችል፣ ኢቡፕሮፌንም ቢሆን ኩላሊትን ይበልጥ እንደሚጎዳ በጠንካራ ቃላት አስጠነቀቀ። 14ኛው ለውሻው ሰጥቶ ምንም እንዳልሆነ ተከራከረ፤ 15ኛው ውሻና ድመት አንድ እንዳልሆኑ፣ የውሻውም መትረፍ ዕድል እንጂ ማስረጃ እንዳልሆነ መለሰ። 16ኛውና 17ኛው በዚሁ ጠብ ውስጥ የገቡ ናቸው፤ የሚጠቅም ነገር ስላላየሁባቸው አልፋቸዋለሁ።

ይህን ሁሉ ያህል ከተጻፈ በኋላም ሁለተኛውን፣ የመብቱን ጥያቄ የነካ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የነካው 18ኛው ነው፤ የነካውም በጥፊ ነው። ያረጁ እንስሳትን የሚወስዱ ሰዎች ለደግነታቸው ምስጋና ፈልገው እንደሚወስዱ፣ ሕመሙ ሲመጣና ወጪው ሲበዛ ደግሞ ምሕረት በሚል ስም እንደሚገላገሉ፣ ዐሥር ዓመት ያሳደገ ሰው ግን እንዲህ እንደማይቸኩል ጻፈ። በመጀመሪያ ያሳደጋት ሰው ለመጠለያ ትቷት እንደሄደ የዘነጋ ይመስላል፤ 19ኛው ያስታወሰውም ይህንኑ ነው። ልጅነቷን ያየው ሰው አሁን የለም፤ ክኒኑን በየማለዳው የሚያውጣትና መርፌውን ከቆዳዋ ሥር የሚያስገባው ሌላ ሰው ነው።

20ኛው ምላሽ ከዚህ የጠለቀ ነበር። ጸሐፊው መብት የሚለውን አሳብ ወደ ጎን ትተው ስለ ዕውቀት ጠየቁ። ለዚህ ውሳኔ የሚያስፈልገው የትናንቱን ታሪክ ማወቅ ነው ወይስ የዛሬውን? ድመቷ ድሮ ምን ትወድ እንደነበር ባይታወቅም አሁን ፀሐይ የምትሞቀው በየትኛው ወንበር ላይ እንደሆነ፣ ፈሳሹ ከተሰጣት በኋላ ስንት ቀን እንደምትነቃ፣ የትኛው እጅ ሲነካት በእርካታ እንደምታንኮራፋ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ጥያቄውን ያቀረበው ሰው ነው። ያለፈውን አለማወቅ በአንድ በኩል ይጠቅማል እስከ ማለትም ደረሱ፤ ከልጅነት ያሳደገ ሰው የሚያየው የድሮዋን ድመት ስለሆነ የዛሬዋን ለማየት ይቸገራል። በዚህኛው አሳብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ አራት ዓመትም ዓይንን ለመጋረድ በቂ ነው፤ 6ኛው የተናገረውም ይህን ነበር። በቀረው ግን ክሩ ካፈራው ሁሉ የተሻለ መልስ ይህ ነው እላለሁ።

21ኛው ከርእሱ የወጣ መስሎ ጀመረ። በግብፅ የቀይ ባሕር ጠረፍ በነበረችው በጥንታዊቷ የበረኒቄ ወደብ፣ በ1ኛውና በ2ኛው ክፍለ ዘመን የተቀበሩ ወደ 585 የሚጠጉ እንስሳት አጥንት መመርመሩን አነሣ። አብዛኞቹ ድመቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹም አንገታቸው ላይ ማሰሪያ ወይም ዶቃ ነበራቸው። ከተቀበሩት መካከል ጥርሳቸው ያለቀ ያረጁ እንስሳት ይገኙበታል፤ ማኘክ ያቃተው እንስሳ በበረሃ ወደብ ላይ በሕይወት የቆየው አንድ ሰው የሚበላውን እያዘጋጀ ስላበላው ነው። የእነዚያ እንስሳት የልጅነት ታሪክ ለማንም አይታወቅም፤ በአጥንታቸው ላይ የተነበበው የእርጅናቸው ዘመን እንክብካቤ ነው። 22ኛው ይህን ተከትሎ ክሬም ፐፍ የተባለች አሜሪካዊት ድመት 38 ዓመት መኖሯን ጻፈ፤ ይህ ለሐዘንተኛዋ ምን እንደሚፈይድ ግልጽ ባይሆንም።

በ23ኛው ላይ ጥያቄ አቅራቢዋ ራሳቸው ተመለሱ። በ13ኛው ምክር መሠረት የድመታቸውን ግፊትና ፖታሲየም አስመርምረዋል፤ ሁለቱም ደኅና ሆነው ተገኝተዋል። ኩላሊቷ ግን ወደ አራተኛው ደረጃ አልፏል። የሳምንት ማስታወሻቸውንና የእኅታቸውን ማስታወሻ ሲያስተያዩ እኅታቸው ከእርሳቸው ይልቅ ዝቅተኛ ነጥብ ስትሰጥ መቆየቷን አይተዋል። ቀጠሮ ይዘዋል። ለ9ኛው በአክብሮት መልሰው፣ አሳቡን እንዳሰቡበትና ግን እንዳልተቀበሉት ገልጸዋል፤ 18ኛውን ግን አላነሡትም። የቀራቸው ጥያቄ በዕለቱ የሚሆነው ምን እንደሆነ ነው።

10ኛውን የጻፉት ሐኪም በ24ኛው ላይ መለሱላቸው። በመጀመሪያ የሚያስተኛ መድኃኒት በጡንቻ ወይም ከቆዳ ሥር ይሰጣታል፤ በአምስትና በዐሥራ አምስት ደቂቃ መካከል ከባድ እንቅልፍ ይወስዳታል። ከዚያ ብዙውን ጊዜ በፊት እግሯ ደም ሥር በኩል ከመጠን በላይ የሆነ ፔንቶባርቢታል ይገባል፤ ይህ በመጀመሪያ ንቃትን፣ ቀጥሎ ትንፋሽን፣ በመጨረሻም ልብን የሚያቆም ማደንዘዣ ነው፤ የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው። ሰውነቷ የደረቀ ድመት ደም ሥሯ ለማግኘት ስለሚያስቸግር መርፌውን የሚሰጠው ሐኪም ቢዘገይ ወይም ሌላ ቦታ ቢፈልግ እንዳይደነግጡ መከሯቸው። 25ኛው አስቀድሞ ቢነገረው ኖሮ የሚወደውን ጨመረ፤ ዓይኗ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ሽንቷ ሊያመልጥ ይችላል፣ ልቧ ከቆመም በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ የሚመስል ነገር ሊታይ ይችላል፤ ይህ የጡንቻ እንቅስቃሴ እንጂ የመንቃት ምልክት አይደለም።

26ኛው ስለ ቀብር ነው፤ አጭርና ደረቅ ሆኖ እጅግ አስፈላጊ። ፔንቶባርቢታል በሬሳው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ስለሚቆይ በጥልቀት ካልተቀበረች ቆፍሮ የሚበላት እንስሳ ይመረዛል፤ አሞራዎችና ንስሮች በዚህ መንገድ መሞታቸው ተመዝግቧል። 27ኛው በቤት ውስጥ ሌላ እንስሳ ካለ ሬሳዋን እንዲያሸት እንዲፈቀድለት መከረ፤ 11ኛውም ተመልሶ በጣሊያን 426 የውሻ ባለቤቶች ተጠይቀውበት እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አብሮት የነበረ ውሻ ሲሞት የቀረው ውሻ አመጋገቡና ጨዋታው እንደሚለወጥ ማሳየቱን በ28ኛው ላይ ጻፈ፤ ድመቶችን ግን እንዳልተመለከተ ራሱ አከለበት።

በ29ኛው ላይ ጥያቄ አቅራቢዋ ከቀዶ ሕክምና በፊት እንደሚደረገው ድመታቸውን ከምግብ መከልከል እንዳለባቸው ጠየቁ። 30ኛው መጾም እንደማያስፈልጋት፣ ለኩላሊቷ ሲባል ፎስፎረሱ የተቀነሰውን፣ ከጅምሩም ያልወደደችውን ምግብ ከእንግዲህ መተው እንደሚቻልና የምትፈልገውን ሁሉ እንዲሰጧት ነገራቸው። ሐኪሙ በ31ኛው ላይ አንድ እርማት ጨመሩ፤ ከሚያስተኙት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ስለሚያስታውኩ ሆዷ ሞልቶ እንዳትመጣ፣ የምትወደውንም ጥቂት በጥቂት እያደረጉ እንዲሰጧት።